የምርጫ ክልል ስታሰምሩ የማልታገሣቸው ስህተቶች

ከካርታና ከቆጠራ ሰነድ ጋር ስውል ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ጀማሪዎችንም አሠለጥናለሁ። ገና "የምርጫ ክልል" ስል ግማሹ ሠልጣኝ ኦሮሚያን፣ አማራን፣ ሶማሌን ያስባል። ጉዱ ቃሉ ነው። የምርጫ ክልል ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ ወንበር የሚመረጥበት አካባቢ ነው፤ በአገራችን 547 አሉ። ይህን ሳያስረዳ ስብሰባ የመራ አንድ ሠልጣኝ "ቀበሌያችሁ ወደዚያኛው የምርጫ ክልል ይዛወራል" ሲል፣ ሰዉ "መሬታችን ተቆርሶ ሊሰጥ ነው!" ብሎ ብድግ አለ። ወረዳው፣ በጀቱና ግብሩ ካለበት ንቅንቅ እንደማይል ቀድሞ ቢናገር ኖሮ ያ ሁሉ ጭቅጭቅ ባልተነሣ።

በድሮ ቆጠራ መከለል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ፣ የምርጫ ክልሎችም በቆጠራው ውጤትና ምርጫ ቦርድ በሚያቀርበው ረቂቅ መሠረት በፌዴሬሽን ምክር ቤት እንዲወሰኑ ይላል። የመጨረሻው ቆጠራ ግን የ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ ራሱ መራጭ ሆኗል! ከልደታና ከካዛንቺስ ስንቱ ተነሥቷል፤ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ ደግሞ በሰው ሞልተዋል። በዚያ ቁጥር እኩል ያደረጋችሁት ሁሉ እኩልነቱ ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። "ሕዝቡ እኩል ተከፍሏል፣ ስለዚህ ፍትሐዊ ነው።" ስንት ጊዜ ሰማሁት! እስቲ እስክርቢቶ ያዙ። 50 መራጭ አለ፤ 30ው የጤፍ ፓርቲ፣ 20ው የገብስ ፓርቲ ደጋፊ ነው። አምስት የምርጫ ክልል እናውጣ፣ እያንዳንዱ 10 መራጭ። በየአንዳንዱ 6 ጤፍ፣ 4 ገብስ ከመደባችሁ ጤፍ አምስቱንም ወንበር ጠራርጎ ይወስዳል። አሁን ደግሞ በሁለቱ የምርጫ ክልሎች 9 ጤፍና 1 ገብስ እጨቁ፤ በቀሩት ሦስቱ 4 ጤፍና 6 ገብስ ይደርሳል። ገብስ በ20 ሰው ሦስት ወንበር አገኘ፣ ጤፍ በ30 ሰው ሁለት! ሰዉ ያው፣ ድምፁም ያው። እንደኛ በየምርጫ ክልሉ አብላጫ ድምፅ ያገኘ ብቻ በሚያሸንፍበት ሥርዓት መስመሩ ብቻውን አሸናፊ ይለውጣል።

"ቅርፁ ካላማረ ተንኮል አለበት" የሚለውም ከዚሁ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1812 የአሜሪካዋ የማሳቹሴትስ ግዛት ገዢ ኤልብሪጅ ጌሪ የፈረመበት አከላለል እንሽላሊት የመሰለ ቅርፅ ስለነበረው መሣቂያ ሆኗል፤ እውነት ነው። ግን ከላይ ያሰላነውን በሚያምሩ አራት ማዕዘኖችም መሥራት ይቻላል።

የሌላ አገር መቻቻያ፣ ማለትም የአንድ የምርጫ ክልል ሕዝብ ከአማካዩ እንዲበልጥ ወይም እንዲያንስ የሚፈቀድበትን ልክ፣ መቅዳት። እንግሊዞች ከጥቂት ደሴቶችና ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከአማካዩ ከ5 በመቶ በላይ ከፍ ዝቅ አይፈቅዱም፤ ኬንያ ለከተሞችና ሕዝብ ለተበተነባቸው አካባቢዎች እስከ 40፣ ለሌላው እስከ 30 በመቶ ትፈቅዳለች። ሰፊ የአርብቶ አደር ምድር ላይ የለንደንን ልክ ለማልበስ የሚታገል ሠልጣኝ ሳይ አዝናለሁ። አንዱማ ሕዝቡ ጥቂት የሆነ የምርጫ ክልል አግኝቶ "ስህተት ያዝኩ!" ብሎ ጮኸ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 54 አነስተኛ ቁጥር ላላቸው ብሔረሰቦች ቢያንስ 20 መቀመጫ እንደሚጠብቅ አላነበበም ነበር።

ወንዝን ድንበር ከማድረጋችሁ በፊት ድልድዩን ፈልጉ። ይህን የምለው ራሴ ስለተሳሳትኩ ነው። አንድ ቀበሌ ወንዝ ማዶ ካሉት ጋር ቀላቀልኩ፤ ኮምፒውተሩ አራት ኪሎ ሜትር ነው አለኝ። ቦታው ስደርስ ሰዎቹ ገበያቸውም ቤተ ክርስቲያናቸውም ወዲህ ነው፣ ወንዙ ደግሞ በክረምት አያሻግርም። አንድ አዛውንት ካርታዬን አገላብጠው አይተው "ልጄ፣ ይሄ ኮምፒውተርህ ዋና ይችላል መሰል" አሉኝ። መስመሩን እዚያው ሰረዝኩት።

ፋይላችሁ ውስጥ ያለፈው ምርጫ ውጤት ካለ፣ መስመር ሳትጀምሩ አውጡት። ስትጨርሱ ሌላ ሰው ይፈትሽበት፤ እናንተ ግን አትዩት።