ለአገራት ግንኙነት ጽሑፎች ርዕስ ሲያወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«የፈረንሳይ የጃፓን አምባሳደር» የሚል ርዕስ ቢያጋጥምዎ ላኪዋ አገር የትኛዋ ናት? ፈረንሳይ ወደ ጃፓን የላከችው ሰው ሊሆን ይችላል፤ ጃፓን ወደ ፈረንሳይ የላከችውም ሊሆን ይችላል። ሁለት «የ» ተከታትለው ሲመጡ ማን ማንን እንደላከ ይጠፋል። በኢንሳይክሎፒዲያ ርዕሶች ላይ ከማያቸው ስህተቶች ይህን የማስቀድመው ለማረም እጅግ ቀላል ስለሆነ ነው፤ «በጃፓን የፈረንሳይ አምባሳደሮች» ማለት ይበቃል። «በ» ተቀባይዋን፣ «የ» ላኪዋን ያሳያል። ኤምባሲ ግን በአንድ ከተማ የሚገኝ መሥሪያ ቤት ነውና «በቶኪዮ የፈረንሳይ ኤምባሲ» ይባል። አምባሳደር የሚሾመው ለአገር ነው፤ አንዱ ሰው ለብዙ አገሮች የሚሾምበት ጊዜም አለ። የኮመንዌልዝ (በአብዛኛው ቀድሞ በብሪታንያ ሥር የነበሩ አገሮች ማኅበር) አባል አገራት ደግሞ እርስ በርሳቸው የሚላላኩት አምባሳደር ሳይሆን ከፍተኛ ኮሚሽነር ስለሆነ «በካናዳ የሕንድ አምባሳደሮች» የሚል ርዕስ ከመነሻው ስህተት ነው።

ቅደም ተከተልን ከላቲን ፊደል መቅዳት

የሁለት አገራትን ግንኙነት በሚመለከት ጽሑፍ የማን ስም ይቅደም? ኃያሏን ወይም የምንወዳትን ማስቀደም ርዕሱን ወገንተኛ ያደርገዋል። ስለዚህ የፊደል ተራ ይዳኘን የሚለው ልማድ ትክክል ነው። ችግሩ የሚመጣው የሌላ ቋንቋ ርዕስ ሲተረጎም ተራውም አብሮ ሲገለበጥ ነው። በእንግሊዝኛ አጠራር (France፣ Germany) በላቲን ፊደል ተራ ፈረንሳይ ጀርመንን ትቀድማለች። በእኛ ፊደል ግን «ጀ» ከ«ፈ» በፊት ስለሚመጣ ርዕሱ «የጀርመን እና የፈረንሳይ ግንኙነት» መሆን አለበት። የራሳችን ፊደል ተራ እያለው የሌላውን መዋስ የሚያስፈልግበት ምክንያት አይታየኝም።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ነገር አለ። «ህንድ» ብለን ከጻፍን ሕንድ ሊቢያን ትቀድማለች፤ «ሕንድ» ብለን ከጻፍን ግን «ሐ» ከ«ለ» በኋላ ስለሚመጣ ሊቢያ ትቀድማለች። አንዱ ጸሐፊ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ፊደል ሲጽፍ ስለ አንድ ጉዳይ ሁለት ጽሑፍ ይወለዳል። መጀመሪያ በአገሩ ስም አጻጻፍ መስማማት፣ ተራውን ከዚያ በኋላ መወሰን ይሻላል።

በሁለቱ አገራት ስም መካከል ሰረዝ ማስገባትም ከውጭ የመጣ ልማድ ነው። አማርኛ «የ…እና የ…» የሚል የራሱ ማያያዣ አለው። ሁለተኛውን «የ» መጣል የለመዱ ጸሐፊዎች ደግሞ «የቦስኒያና ሄርዞጎቪና እና ክሮኤሺያ ግንኙነት» ብለው ሲጽፉ አንባቢ የሁለት ሳይሆን የሦስት አገራት ጉዳይ ይመስለዋል። «የቦስኒያና ሄርዞጎቪና እና የክሮኤሺያ ግንኙነት» ሲባል አንደኛው ስም የት እንዳበቃ ይታወቃል።

አንዷን ባለቤት፣ ሌላዋን ተከታይ ማድረግ

«ፈረንሳይ ከጀርመን ጋር ያላት ግንኙነት» የሚለው ርዕስ ጥሩ አማርኛ ነው፤ ግን ጉዳዩን ከፓሪስ መስኮት ያሳያል። ግንኙነቱ የሁለቱም ነው። እንዲህ ያለውን አነጋገር ስለ አንዲት አገር ብቻ ለሚጻፈው፣ ለምሳሌ «የፈረንሳይ የውጭ ግንኙነት» ለሚለው ጽሑፍ ዝርዝር ይተዉት። የውጭ ግንኙነትና የውጭ ፖሊሲም አንድ አይደሉም፤ ፖሊሲ መንግሥት የሚመርጠው አቅጣጫ ሲሆን፣ ግንኙነት ንግዱን፣ ስደቱንና ጦርነቱን ጭምር ይይዛል።

የግንኙነቱን ባለቤት መሳት

«ሞስኮ እና ዋሽንግተን» ለጋዜጣ ርዕስ ያምራል፤ ኢንሳይክሎፒዲያ ግን አገሮቹን በስማቸው መጥራት አለበት። ከዚህ የሚከፋው የተሳሳተ አካል መጥራት ነው። የቫቲካን ከተማ መንግሥት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1929 በላተራን ውል ነው። አምባሳደር የምትልከውና የምትቀበለው ግን ከዚያ በፊትም በኋላም ቅድስት መንበር፣ ማለትም የሮማው ጳጳስ መንበር ናት፤ ርዕሱም በእርሷ ስም መሆን አለበት። እንግሊዝን በብሪታንያ ቦታ መጠቀምም እንዲሁ ነው። እንግሊዝና ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ1707 ስለተዋሐዱ፣ ከዚያ ወዲህ የተፈረመን ውል «የእንግሊዝ» ማለት ስኮትላንድን መሰረዝ ነው።

የዛሬን ስም ወደ ትናንት መውሰድም አለ። የዛሬዋ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ኮንጎ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1997 ዛየር ትባል ነበር። በእነዚያ ዓመታት የተደረገ ስምምነት በዛየር ስም ይጠራ፤ እስከ ዛሬ የዘለቀው ግንኙነት ግን በአሁኑ ስም። ሰሜን መቄዶንያ ይህን ስም የያዘችው እ.ኤ.አ. በ2019 ስለሆነ፣ ከግሪክ ጋር በስሟ ምክንያት ለዓመታት የተከራከረችበትን ጉዳይ በአዲሱ ስም ብቻ ርዕስ ብንሰጠው ክርክሩ ራሱ ይሰወራል።

«የቪየና ስምምነት» ብሎ ማቆም

የትኛው? እ.ኤ.አ. በ1961 የዲፕሎማሲ ግንኙነት፣ በ1963 የቆንስላ ግንኙነት፣ በ1969 የውሎች ሕግ፣ በ1985 ደግሞ የኦዞን ንጣፍ ጥበቃ ስምምነት በዚያችው ከተማ ተፈርመዋል። የከተማ ስም ብቻውን ርዕስ አይሆንም፤ ጉዳዩ ይጨመር፣ ካስፈለገም ዓመቱ።

ዓመቱ ሲጨመር የዘመን አቆጣጠሩን መግለጽ ግዴታ ነው። ስምንት ዓመት ብቻ ቀንሶ ማለፍም አይበቃም። የ1961ዱ ስምምነት የተፈረመው በሚያዝያ ወር ስለሆነ በእኛ 1953 ዓ.ም. ነው፤ የኩባ የሚሳይል ቀውስ ግን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1962 ስለነበረ 1955 ዓ.ም. እንጂ 1954 አይደለም። ከአዲስ ዓመታችን እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ልዩነቱ ሰባት ነውና።

የአንዱን ወገን ስም ብቸኛ ስም ማድረግ

ያው የኩባ ቀውስ ሦስት ስም አለው። አሜሪካኖች በሚሳይሉ ሲጠሩት፣ ሶቪየቶች «የካሪቢያን ቀውስ»፣ ኩባውያን «የጥቅምት ቀውስ» ብለውታል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተካሄደው የዓረቦችና የእስራኤል ጦርነትም ለአንዱ የዮም ኪፑር፣ ለሌላው የጥቅምት ወይም የረመዳን ጦርነት ነው። ኢንሳይክሎፒዲያ አዲስ ስም ፈጥሮ ሊያስታርቃቸው አይችልም፤ አይገባውምም። በቋንቋው አንባቢዎች ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው ስም ለርዕስ ይመረጥ። ሌሎቹ ስሞች በመጀመሪያው አንቀጽ ከነባለቤቶቻቸው ይጠቀሱ፤ «የካሪቢያን ቀውስ» ብሎ የሚፈልገውም ሰው ወደዚያው ገጽ እንዲደርስ የአቅጣጫ ማዞሪያ ይሠራለት።