ጥርስ ሲያም መጀመሪያ ፎቶ፣ ከዚያ መንገድ

እናቴ የምትኖረው ደባርቅ ነው። ጎንደር ድረስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ጥርሷን ባመማት ቁጥር መኪና ተሳፍራ መጥታ፣ ተራ ጠብቃ፣ «ማስታገሻ ይውሰዱ፣ በሳምንቱ ይመለሱ» ተብላ ስትመለስ አንጀቴን ትበላው ነበር። አሁን መጀመሪያ ፎቶ እንልካለን። ሐኪሙ አይቶ «ዛሬውኑ ትምጣ» ወይም «ትንሽ ይቆያል» ይለናል።

የጥርስ ሐኪም ስልክ ቁጥር ሳያማችሁ ያዙ። ከዚህ በፊት የታከማችሁበትን ክሊኒክ በቴሌግራም ማማከር ይችሉ እንደሆነ ጠይቁ።

ዋናው ፎቶው ነው፤ አትቸኩሉበት። አፋችሁን ተጉመጥመጡ። ፊታችሁን ወደ ብርሃን አዙራችሁ በር ወይም መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። የስልኩን ካሜራ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። ሰልፊ አይሆንም፤ ሌላ ሰው ያንሳችሁ። በታጠበ የሻይ ማንኪያ ጉንጫችሁን ወደ ጎን ሳብ አድርጉ። ዙም ከማድረግ ስልኩን ራሱን ማስጠጋት ይሻላል፤ ከደበዘዘ ትንሽ አርቁት። አምስት ፎቶ ይበቃል፦ ጥርስ ተገጥሞ ከፊት፣ ከቀኝና ከግራ፣ ከዚያ አፍ ተከፍቶ የላይኛውና የታችኛው። እብጠት ካለ ሙሉ ፊታችሁንም አንሱ፤ ሐኪሙ ሁለቱን ጉንጮች ያስተያያል።

በቴሌግራም ስትልኩ «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩ። እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ስለሚቀንስ ቀጭን ስንጥቅ አይታይም። ኔትወርክ ከደከመ ከቪዲዮ ጥሪ ጋር አትታገሉ።

ፎቶ ሕመምን አያሳይም። ስለዚህ ድምፅ ቀድታችሁ ጨምሩ። መቼ ጀመረ? ቀዝቃዛ ሲነካው ወዲያው ይተዋል ወይስ ይቆያል? ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል? የሚቆይና የሚቀሰቅስ ከሆነ ነርቩ ሳይነካ አልቀረም። የወሰዳችሁትንና የማይስማማችሁን መድኃኒት ንገሩት። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የልብ ሕመም ወይም እርግዝና ካለም አትደብቁ።

ለሕፃናት አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። «ግግ አለበት፣ ይውጣለት» ሲባል ቆም በሉ። ድዱ ላይ ነጣ ብሎ ያበጠው ሊበቅል የተዘጋጀ ጥርስ ነው። ማስወጣቱ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ይዳርጋል፤ በኋላ የሚበቅለውንም ጥርስ ሊጎዳ ይችላል። ማንም አፉን ከመንካቱ በፊት ፎቶ ልካችሁ ጠይቁ።

እብጠቱ ወደ ዓይን ከወጣ ወይም ከአገጭ ሥር ከወረደ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ከከበደ፣ አፍ አልከፈት ካለ መልስ አትጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ሂዱ። ቋሚ ጥርስ በአደጋ ከወለቀም እንዲሁ ነው። ሥሩን ሳትነኩ ወተት ውስጥ ክተቱትና ወዲያው ተነሱ፤ እያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ አላት። ፎቶውን መኪና ውስጥ ሆናችሁ ላኩ፤ ሐኪሙ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችሁ።