ሲግናል ሲጠፋ ዕቃውን ከመቀየራችሁ በፊት

ሲግናል ሲጠፋ መጀመሪያ የሚታማው ዕቃው ነው። ሪሲቨሩ ተበላሽቷል፣ ራውተሩ አርጅቷል ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን ዕቃው ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ያለው ሞገዱ የሚያልፍበት ነገር ላይ ነው። የሬዲዮ ሞገድ በአየር ውስጥ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ንጹህ አየር ብዙም አያስቸግረውም። ውሃና ብረት ግን ያስቸግሩታል።

ዝናብ ሲመጣ ቲቪው ይቆራረጣል

ዲሹ ከሳተላይት የሚቀበለው፣ ኬዩ ባንድ የሚባለው ሞገድ ርዝመቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ለእንዲህ ያለ አጭር ሞገድ የዝናብ ጠብታ ቀላል እንቅፋት አይደለም፤ ከፊሉን ይውጠዋል፣ ከፊሉን ይበትነዋል። ሞገዱ ደግሞ በሰያፍ ነው የሚመጣው። ስለዚህ እናንተ ግቢ ጠብታ ሳይወርድ፣ ዲሹ በሚያይበት አቅጣጫ ያለው ሰፈር ላይ ከዘነበ ምስሉ ሊቆም ይችላል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ለዩ። ዝናቡ ሲያባራ ምስሉ ወዲያው ከተመለሰ ጉዳዩ የሰማይ ነው። ካባራም በኋላ ፀሐይ ወጥታ እስኪደርቅ የማይመለስ ከሆነ ግን ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ለፊት ያለው ሞገድ ተቀባይ) ላይ ያለውን የኬብል ማያያዣ ጠርጥሩ፤ ውሃ ገብቶበት ይሆናል። ፍቱትና እዩት። የኬብሉ ጫፍ ከጠቆረ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ቆርጣችሁ አዲስ ማያያዣ ግጠሙ፣ ከላይ ውሃ በማያስገባ ቴፕ ጠቅልሉት።

የሰማይ ከሆነ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን የሪሲቨሩን ሜኑ ክፈቱ። የምታዩት ኳሊቲውን (የሲግናሉን ጥራት) ነው፤ ስትሬንግዙ (ጉልበቱ) ሙሉ ቢሆንም አትመኑት። አንድ ሰው ቲቪው ጋ ሆኖ ቁጥሩን ይጩህ፣ ሌላው ጣሪያ ላይ ዲሹን በጣም በትንሽ በትንሹ ያንቀሳቅስ። ኤልኤንቢውንም እያዞረ ይሞክር። ዲጂታል ቲቪ እንደ ድሮው አንቴና ቀስ እያለ አይደበዝዝም። ኳሊቲው ከገደቡ በላይ እስካለ ጥርት ይላል፣ ከዚያ ሲወርድ ድርግም ነው። በበጋ «ይሰራል» ማለት ለክረምት ዋስትና የማይሆነው ለዚህ ነው። ይህም ካልበቃ ዲሹን አሳድጉ፤ ባለ 90 ሴንቲ ሜትሩ ከባለ 60ው 2.25 እጥፍ ስፋት አለው። የሐምሌ ዶፍ እሱንም ያሸንፈዋል። ያኔ ቡና ማፍላት ይሻላል። ነጎድጓድ እያለ ደግሞ ማንም ጣሪያ ላይ እንዳይወጣ።

ዋይፋዩ ሳሎን ይበራል፣ መኝታ ቤት ይሞታል

ብዙ ራውተሮች በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ይሰራሉ። የ5 ጊጋኸርዙ በግድግዳ ሲያልፍ ከ2.4ቱ በበለጠ ይደክማል። መኝታ ቤት ስትሆኑ 2.4ቱን ምረጡ። ፌሮ የበዛበት ኮንክሪት፣ ፍሪጅ፣ ውሃ የሞላ ሮቶ፣ ባለ መስታወት ቁምሳጥን (ከመስታወቱ ጀርባ ስስ ብረት አለ) መንገድ ይዘጋሉ። ራውተሩን ከቲቪው ጀርባ አውጡትና ከፍ ያለ፣ ገላጣ ቦታ ላይ አስቀምጡት። ማይክሮዌቭ ምግብ ሲያሞቅ ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ ግን ወደ 5 ጊጋኸርዝ ቀይሩ፤ ምድጃው የሚሰራው በ2.45 ጊጋኸርዝ ስለሆነ ይረብሻል።

ቆርቆሮ በቆርቆሮ የሆነ ሱቅ ውስጥ ስልክ ኔትወርክ የሚያጣውም ብረቱ ሞገዱን ስለሚመልሰው ነው። በር ወይም መስኮት ጋ ጠጋ በሉ።

ኤፍኤም ሰው ሲንቀሳቀስ ያንሾካሹካል

የኤፍኤም ሞገድ 3 ሜትር ገደማ ነው። በቀጥታ የመጣው ከፎቅ ነጥሮ ከመጣው ጋር ሲጋጭ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። ሬዲዮውን ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር ብቻ ፈቀቅ አድርጉት። አንቴናውን 75 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ምዘዙት። በስልክ የምትሰሙ ከሆነ የጆሮ ማዳመጫው ሽቦ ነው አንቴናው፤ ኪስ ውስጥ አትጠቅልሉት።

ሚዲየም ዌቭ ማታ የሩቅ ጣቢያ ይደርባል

ይህ ብልሽት አይደለም። ቀን ሞገዱን የሚውጠው የላይኛው አየር ንብርብር ፀሐይ ስትጠልቅ ይሳሳል። ያኔ ሞገዱ ከዚያ በላይ ካለው ንብርብር ነጥሮ ከሩቅ አገር ይመጣል። የሚወጣውን አንቴና መምዘዝ እዚህ አይጠቅምም፤ የሚዲየም ዌቭ አንቴና አብዛኛውን ጊዜ ሬዲዮው ውስጥ ያለ ጥቁር ዘንግ ነው። የማትፈልጉት ጣቢያ እስኪደክም ሬዲዮውን ራሱን ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ጥዝዝ የሚል ድምፅ ብቻ ከሆነ ደግሞ አጠገቡ የተሰካውን ቻርጀር ንቀሉ።