ስኪዞፍሬኒያ ያለበት የቤተሰብ አባል ሽታ መለየት ሲያቅተው ምን ማድረግ ይገባል?

ስኪዞፍሬኒያ የተባለው የአእምሮ ሕመም ሲነሣ አብዛኛው ሰው የሚያስበው የሌለ ድምፅ መስማትን ነው። ሆኖም ሕመሙ ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ አንድ ነገር እንደሸተታቸው ቢያውቁም የምን ሽታ እንደሆነ ለይተው መናገር ይቸግራቸዋል፤ ይህ ገና መድኃኒት ባልጀመሩ ታማሚዎች ላይም ስለታየ ጥፋቱን ሁሉ በመድኃኒቱ ላይ ማላከክ አይገባም።

ችግሩን በቤት ውስጥ ለማስተዋል፣ ታማሚው ዐይኑን ጨፍኖ የተፈጨ ቡና፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ጤና አዳም በየተራ እንዲያሸት ማድረግ፣ ለእያንዳንዱም አራት ስሞች ጠርቶ ትክክለኛውን እንዲመርጥ መጠየቅ ይቻላል። በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው ባለ 40 ጥያቄ የማሽተት ፈተናም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። የቤቱ ሙከራ ግን የሐኪም ምርመራን አይተካም፤ ጉንፋን፣ ሳይነስና ሲጋራም ማሽተትን ያዳክማሉና።

ችግሩ መኖሩ ከታወቀ፣ የምግብን መበላሸት በአፍንጫው እንዲለይ አይጠበቅበት። ያደረ ወጥ የተሠራበት ቀን በዕቃው ላይ ይጻፍ፤ የቡታጋዙ ሲሊንደር መዘጋቱንም ሌላ ሰው ይመልከት። (ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዛማ ጋዝ እንኳ ሽታ ስለሌለው ጤነኛ አፍንጫም አያስጥልም።) የገላውን ሽታ ራሱ ላያውቀው ስለሚችል፣ በሰው ፊት «ሸተትክ» ከማለት ይልቅ የመታጠቢያ ቀን ወስኖ ውኃ አሙቆ መጥራት ይሻላል።

ከዚህ የሚከብደው ሌላ ሰው የማይሸተውን ሽታ «ይሸተኛል» ማለቱ ነው። አስቀድሞ እውነት የሚሸት ነገር እንዳለ ቤቱ ይፈተሽ፤ ታማሚም ቢሆን የሚናገረው ሁሉ ከሕመሙ የመጣ አይደለም። ምንም ካልተገኘ «እኔን አይሸተኝም፤ አንተን ግን እንዳስጨነቀህ ይገባኛል» ማለት ይበቃል፤ «ውሸት ነው» ብሎ መከራከር በቤተሰቡ ላይ ያለውን እምነት ያሳጣዋል፣ «ልክ ነህ» ማለትም ፍርሃቱን ያጸናል። ምግቡ መርዝ መርዝ ይሸታል ብሎ እንቢ ካለ፣ ከአንድ ትሪ አብሮት መብላት ጥርጣሬውን ሊያረግብለት ይችላል።

ሽታው ምን እንደሚመስል፣ መቼ እንደሚመጣና ምን ያህል እንደሚቆይ ተጽፎ ለሐኪሙ ይቅረብ። በተለይ የሚቃጠል ጎማ የመሰለ ሽታ ድንገት መጥቶ ወዲያው የሚጠፋ፣ ታማሚውም በዚያው ቅጽበት ፈዝዞ ሲጠሩት የማይመልስ ከሆነ፣ ምክንያቱ የሚጥል በሽታ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም።