ፈጥኖ የሚያስታግሰውና ረጅም ሰዓት የሚቆየው የአስም መድኃኒት፦ ከአዲስ አበባ ዳርቻ ወደ ውጭ አገር ለወጡ ወገኖች

ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከለገጣፎ ወይም ከቡራዩ ተነሥቶ ወደ ውጭ አገር የሚጓዝ የአስም ሕመምተኛ በሻንጣው የሚይዘው መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ሰማያዊው የሳልቡታሞል ፓፍ፣ ማለትም ወደ አፍ እየነፉ የሚስቡት መድኃኒት፣ ነው። ከሰፈሩ መድኃኒት ቤት ሁለት ሦስት ገዝቶ ይሄዳል፤ ሲያልቅበትም ቤተሰቡ በመንገደኛ እንዲልክለት ያሳስባል። እኔ የምሠራው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ መድኃኒት ቤት ውስጥ ስለሆነ ወደ ቤይሩት፣ ወደ ሪያድና ወደ ዋሽንግተን የሚላክ ፓፍ ሊገዙ የሚመጡ እናቶችንና ወንድሞችን ዘወትር አስተናግዳለሁ። የሚልኩት ከፍቅር ነው፤ የተላከለት ሰው ግን በዚያው ፓፍ ብቻ ዓመት ከዓመት መኖር የሚችል መስሎት ይቀመጣል። አዲስ አገር የገባ የአስም ሕመምተኛ ቤትና ሥራ ከመፈለግ ጎን ለጎን ሊያውቀው የሚገባ ነገር ቢኖር፣ ሳልቡታሞል የሚያስታግስ እንጂ የሚያክም መድኃኒት አለመሆኑን፣ ሕመሙን የሚቆጣጠረው መድኃኒት ሌላ መሆኑን፣ እርሱም እዚህ ከሚገኘው ይልቅ እዚያ በቀላሉ የሚገኝ መሆኑን ነው።

በአስም ሕመምተኛ የአየር ቧንቧ ላይ ሁለት ነገር ይደርሳል። አንደኛው በቧንቧው ዙሪያ ያለው ጡንቻ መኮማተሩ ነው፤ ደረትን የሚያጨንቀው፣ ትንፋሽ የሚያሳጥረውና ሲር ሲር የሚያሰኘው በዋናነት ይህ ነው። ሁለተኛው በቧንቧው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የሚቆየው ብግነት (መቅላትና ማበጥ) ነው፤ ይህ ሕመምተኛው ደህና ነኝ ብሎ ሥራ በሚውልበት ቀን ሳይቀር አብሮት ይውላል፤ አቧራ፣ ጭስ ወይም ጉንፋን ባገኘው ጊዜም ጡንቻውን ያስቆጣዋል። ሳልቡታሞል በ5 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ጡንቻውን ያላላል፤ ኃይሉም ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል። ብግነቱን ግን አይነካውም። ስለዚህ በሳልቡታሞል ብቻ የሚኖር ሰው ጣሪያው እያፈሰሰ ወለሉን ብቻ እንደሚያደርቅ ሰው ነው፤ ወለሉ ለጊዜው ይደርቃል፣ ጣሪያው ግን እየባሰበት ይሄዳል።

ጂና በሚል አጭር ስም የሚታወቀውና በ1993 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የአስም ተቋም በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለዐዋቂዎችና ከ12 ዓመት ጀምሮ ላሉ ወጣቶች ሳልቡታሞልን ብቻውን መስጠት እንዲቀር መክሯል። ምክንያቱም ከባድ ነው። በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ የሳልቡታሞል ፓፍ የሚጨርስ ሰው ለድንገተኛ ክፍል የሚያበቃ ሕመም የሚያጋጥመው ዕድል ከፍ ይላል፤ በዓመት 12ና ከዚያ በላይ የሚጨርስ ደግሞ የመሞት አደጋው ይጨምራል። በእንግሊዝ በ2014 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው በአስም የሞቱ ሰዎችን የመረመረ ጥናት፣ የታዘዘላቸው ፈጥኖ አስታጋሽ ፓፍ ብዛት ከታወቀ 165 ሟቾች መካከል 65ቱ፣ ማለትም 39 በመቶው፣ ከመሞታቸው በፊት ባለው አንድ ዓመት ከ12 በላይ ፓፍ ታዞላቸው እንደነበር አሳይቷል። አንድ ፓፍ ብዙውን ጊዜ 200 ጊዜ የሚነፋ ስለሆነ፣ በወር አንድ መጨረስ ማለት በየቀኑ ስድስት ሰባት ጊዜ መንፋት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው የጎደለው ተጨማሪ ሳልቡታሞል አይደለም።

ረጅም ሰዓት ወደሚቆዩት ስንመጣ ሁለት የተለያዩ ወገኖች በአንድ ስም እየተጠሩ ሰውን እንዳያሳስቱ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ወገን በመተንፈስ የሚወሰደው ስቴሮይድ ነው፤ ቤክሎሜታዞን፣ ቡዴሶናይድና ፍሉቲካዞን ከዚህ ይመደባሉ። ብግነቱን የሚያበርደው ይህ ነው፤ ሥራው የሚታወቀውም በደቂቃ ሳይሆን በቀናትና በሳምንታት ነው። «ነፋሁት፣ ምንም አልተሰማኝም» ብሎ መተው በጣም የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ወዲያው የሚሰማ ነገር መጀመሪያውንም አይጠበቅም። ስቴሮይድ የሚለው ስም አጥንት እንደሚጎዳና እንደሚያወፍር ክኒን ስለሚያስፈራም ብዙዎች ይሸሹታል። ወደ ሳንባ በቀጥታ የሚገባው መጠን በማይክሮግራም የሚለካ በመሆኑ በዝቅተኛ መጠን ሲወሰድ ከክኒኑ ጋር አይተካከልም፤ በአፍ ውስጥ ነጭ ሽፋን እንዳያወጣና ድምፅ እንዳያጎረንን ከተነፋ በኋላ አፍን በውኃ ተጉመጥምጦ መትፋት ይገባል።

ሁለተኛው ወገን እንደ ሳልቡታሞል ጡንቻ የሚያላላ፣ ግን ለ12 ሰዓት የሚቆይ ነው። ከእነዚህ ሳልሜቴሮል ሥራ ለመጀመር ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ፎርሞቴሮል ግን ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ 24 ሰዓት የሚቆይ ቪላንቴሮል የተባለም አለ። ረጅም ስለሚቆዩ «የተሻለ ሳልቡታሞል» አድርጎ መውሰድ አደገኛ ስሕተት ነው። አስም ያለበት ሰው እነዚህን ያለ ስቴሮይድ ብቻቸውን መውሰድ ፈጽሞ የለበትም፤ ጡንቻው ላልቶ ሕመምተኛው ደህና የሆነ ሲመስለው ብግነቱ በውስጥ ይብሳልና። ስለዚህ በአንድ ዕቃ ተዋሕደው ይሰጣሉ፦ ሳልሜቴሮልና ፍሉቲካዞን በአውሮፓ ሴሬታይድ፣ በአሜሪካ አድቬር በሚል ስም ይሸጣሉ፤ ቡዴሶናይድና ፎርሞቴሮል ደግሞ ሲምቢኮርት ይባላሉ። ሴሬታይድ ጧትና ማታ የሚወሰድ እንጂ ትንፋሽ ሲያጥር የሚነፋ አይደለም። ሲምቢኮርት ግን ፎርሞቴሮል ፈጣን ስለሆነ ሐኪሙ እንዲህ ብሎ ካዘዘው ሁለቱንም ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ በየዕለቱም ይወሰዳል፣ ሲያስቸግርም ይነፋል። ይህ ዘዴ ባለበት አገር ያላችሁ ሐኪማችሁን ብትጠይቁ እመክራለሁ፤ አንድ ዕቃ ብቻ መያዝ ሁለት ከማምታታት ይሻላል፣ በነፋችሁ ቁጥርም ብግነቱ መድኃኒት ያገኛል። ገደብ ግን አለው፤ በአንዴ 4.5 ማይክሮግራም ፎርሞቴሮል የሚሰጠው ዓይነት በአንድ ቀን በጠቅላላው ከ12 ጊዜ በላይ አይነፋም። በአሜሪካ ደግሞ ሳልቡታሞልንና ቡዴሶናይድን ያዋሐደ ኤርሱፕራ የተባለ ፓፍ ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በጥር 2023 እ.ኤ.አ. ተፈቅዷል።

ከአገር ቤት ይዘናቸው የምንሄዳቸው አንዳንድ ልማዶች እዚያ ሊቀሩ ይገባል። የሳልቡታሞል ክኒን ርካሽ ስለሆነ በዳርቻው ሰፈሮች አሁንም ይፈለጋል፤ ነገር ግን ከፓፉ ዘግይቶ ይሠራል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ልብም ያስመታል። ቲዮፊሊንና ኤፌድሪን የተዋሐዱበት ክኒንም ለብዙ ዓመት ያገለገለ ነው፤ ኤፌድሪን ግን በብዙ አገሮች ጥብቅ ቁጥጥር ስላለበት በሻንጣ ይዞ መግባት ከጉምሩክ ጋር ሊያጋጭ ይችላል። ሲያስቸግር መርፌ ተወግቶ መመለስም እንዲሁ በሽታውን ባለበት ያስቀምጠዋል። የሚነፉ ስቴሮይዶች በእኛ መድኃኒት ቤቶች እንደ ልብ አለመገኘታቸውና ሲገኙም ዋጋቸው መክበዱ ለእነዚህ ልማዶች መቆየት ምክንያት እንደሆነ በየቀኑ አያለሁ፤ ሕመምተኛውን የምወቅስበት ምክንያት የለኝም።

በደረሳችሁበት አገር የመድኃኒቱ ስምና አገኛኘቱ ይለያያል። በአሜሪካ ሳልቡታሞል አልቡቴሮል ይባላል፤ መድኃኒቱ አንድ ነው። በአሜሪካና በእንግሊዝ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም፤ በአውስትራሊያ ፋርማሲስቱን አነጋግሮ ያለ ማዘዣ መግዛት ይቻላል። በአሜሪካ ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ፕራይማቲን ሚስት ኤፒኔፍሪን ነው፤ ሳልቡታሞልን ይተካል ብላችሁ አትግዙት። በእንግሊዝ አገር ከቤተሰብ ሐኪም ዘንድ ለመመዝገብ ክፍያም ሆነ የመኖሪያ ፈቃድ ማስረጃ አያስፈልግም፤ በእንግሊዝ ለእያንዳንዱ የታዘዘ መድኃኒት በ2025 እ.ኤ.አ. 9.90 ፓውንድ ይከፈል ነበር፤ በስኮትላንድ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ ግን በነፃ ነው። በእንግሊዝ ያሉ በመንግሥት ድጋፍ የሚኖሩ ጥገኝነት ጠያቂዎችና ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ኤች ሲ 2 የተባለውን የምስክር ወረቀት ይዘው ያለ ክፍያ ይወስዳሉ። በአሜሪካ ሦስት ትልልቅ አምራቾች፣ አስትራዜኔካ፣ ቦሪንገር ኢንግልሃይምና ግላክሶስሚዝክላይን፣ ከ2024 እ.ኤ.አ. አጋማሽ እስከ 2025 መጀመሪያ ባለው ጊዜ ውስጥ ኢንሹራንስ የሌላቸውን ጨምሮ ብዙ ሕመምተኞች ለፓፍ ከኪሳቸው የሚከፍሉት በወር ከ35 ዶላር እንዳይበልጥ አድርገዋል፤ ፋርማሲስቱን መጠየቅ አያሳፍርም።

ከመነሣታችሁ በፊት ከጤና ጣቢያው ወይም ከክሊኒኩ የመድኃኒቱን መጠሪያና መጠን የያዘ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስረጃ ያዙ። ፓፉ በእጅ ቦርሳ ይሁን እንጂ በአውሮፕላን ሆድ በሚጫነው ሻንጣ አይሁን።

አዲሱ አገር የራሱ ቀስቃሽ አለው። በዳርቻው ሰፈር የምናውቀው የኮረት መንገድ አቧራ፣ የከሰልና የኩበት ጭስ፣ የበርበሬ ቁሌት ነው። በቤይሩትና በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን ግን ከበረኪናና ከሌሎች የጽዳት ኬሚካሎች ጋር በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰዓታት ያሳልፋሉ። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አለመቀላቀል፣ መስኮት መክፈትና የሚረጨውን ትቶ በጨርቅ መጠቀም ከማንኛውም ፓፍ የሚቀድም ጥንቃቄ ነው። በሰሜን አውሮፓና በካናዳ የክረምቱ ቀዝቃዛ አየር፣ በጸደይም የዛፍና የሣር ብናኝ ያስቸግራል፤ መኖሪያ ቤት በተዘጋበት ወቅት ቡና በከሰል ማፍላትና ዕጣን ማጨስ ለሕመምተኛው ጥሩ አይደለም። በረመዳን ጧትና ማታ የሚወሰደውን መድኃኒት በሱሑርና በኢፍጣር ሰዓት ማድረግ ይቻላል፤ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ ግን መጠኑን አትቀንሱ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁም አስታጋሹን አታዘግዩ።

መድኃኒቱ ጥሩ ሆኖ አነፋፉ ካልተስተካከለ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። የሚረጨውን ዓይነት ፓፍ ነቅንቁት፣ አየር ከሳንባችሁ አስወጡ፣ ፓፉን እየተጫናችሁ በዝግታና በጥልቀት ሳቡ፣ 10 ሰከንድ ያህል ትንፋሻችሁን ያዙ፣ ሁለተኛውን ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ቆይታችሁ ድገሙት። የደረቅ ዱቄቱ ዓይነት ግን በተቃራኒው በኃይልና በፍጥነት ይሳባል። ለልጆችና መሳቡን ከመጫኑ ጋር ማስተባበር ለሚቸግረው ሁሉ በፓፉና በአፍ መካከል የሚገባው ስፔሰር የተባለ ባዶ የፕላስቲክ ዕቃ እጅግ ይረዳል። ስፔሰር ካልተገኘ ደግሞ ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ግርጌውን በፓፉ አፍ ልክ ቀድዶ ዙሪያውን አጥብቆ ማሸግ ይቻላል፤ በኬፕ ታውን ተደርጎ በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዲህ ያለው ጠርሙስ ልጆችን ከፋብሪካው ስፔሰር ባልተናነሰ እንደረዳ አሳይቷል።

ሳልቡታሞል በሳምንት ከ2 ቀን በላይ ካስፈለጋችሁ፣ ወይም ሌሊት ትንፋሽ አጥሯችሁ ከነቃችሁ፣ ቀጠሮ የምትይዙበት ጊዜ ነው። ድንገት ሲጠናባችሁ ደግሞ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ሐኪማችሁ የጻፈላችሁ ሌላ መመሪያ ከሌለ፣ የእንግሊዝ አሠራር እንደሚለው ሳልቡታሞሉን ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ እያሳለፋችሁ አንድ አንድ ጊዜ እስከ 10 ጊዜ ንፉ። ካልተሻላችሁ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ካቃታችሁ ወይም ከንፈራችሁ ከጠቆረ አምቡላንስ ጥሩ፦ በአሜሪካና በካናዳ 911፣ በእንግሊዝ 999፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ በአውስትራሊያ 000፣ በሳዑዲ ዓረቢያ 997፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች 998፣ በሊባኖስ 140። ቁጥሩን አብረዋችሁ ለሚኖሩትና ለአሠሪያችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ በዚያ ሰዓት የምትናገሩበት ትንፋሽ ላይኖራችሁ ይችላል። ሕመሙ ካለፈ በኋላም ደህና ሆንኩ ብላችሁ አትቅሩ፤ በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ሐኪም ዘንድ ቀርባችሁ የቁጥጥር መድኃኒታችሁ እንዲጀመር ወይም መጠኑ እንዲታይ አድርጉ።