አጭር ሞላ ራሳችሁ ለመግጠም ካሰባችሁ

መኪና ዝቅ የሚያደርግ ሞላ ገዝታችሁ "ራሴው ልግጠመው ወይስ ጋራዥ ልውሰደው?" ካላችሁ፣ የፊቱንና የኋላውን ለይታችሁ እዩ። በቪትዝ ዓይነት መኪና የኋላው ሞላ ከሾክ አብዞርበሩ ተለይቶ ነው የሚቀመጠው። መኪናውን በብረት መቆሚያ አስደግፋችሁ (በክሪክ ብቻ በፍጹም!) የሾኩን የታች ብሎን ፈትታችሁ አክሰሉን ዝቅ ስታደርጉት ይወጣል። የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠር ብቻ ተጠንቀቁ።

አደጋው የፊቱ ላይ ነው። ሞላው ሾኩ ላይ ታፍኖ ስለሚቀመጥ፣ ሳይጨመቅ የላዩ ዳዶ ከተፈታ ተፈናጥሮ ሰው ይጎዳል። ሁለት የሞላ መጭመቂያ በተቃራኒ ጎን አስራችሁ፣ በየተራ ጥቂት ጥቂት አጥብቁ፤ ሞላው ላልቶ በእጅ ሲዞር ብቻ ዳዶውን ንኩ። መጭመቂያ ከሌላችሁ ሾኩን ከነሞላው አውርዳችሁ ለጋራዥ ስጡ፤ ዋጋውም ይቀንሳል።

ጎሚኒ (ብሎኑ የሚያልፍበት የጎማ ቡሽ) ያለባቸውን ብሎኖች መጨረሻ የምታጠብቁት መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ነው። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠማዞ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) ካላሠራችሁ ደግሞ ጎማው በአንድ ጎን ያልቃል።

ለጅማ ከ3 ሴንቲ በላይ መውረድ አይመከርም፤ በክረምት የውስጥ ለውስጥ መንገዱ ላይ ጭቃ የሸፈነው ድንጋይ ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ኮፓ ያገኘዋል። ነባሩን ሞላ በግራይንደር ማስቆረጥማ ጭራሽ አይሞከርም።