ግራፊክስ ካርዳችሁን ሳትጎዱ ኦቨርክሎክ ለማድረግ

መጀመሪያ ተስፋችሁን ልክ ላስይዝላችሁ። ኦቨርክሎክ፣ ማለትም ካርዱን ከፋብሪካ ከተሰጠው ፍጥነት በላይ ማስኬድ፣ ተአምር አይሠራም። በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) የሚሄድ ጌም 63 ወይም 65 ይሆናል እንጂ 90 አይገባም። የዛሬ ካርዶች ከፋብሪካ ሲወጡ አብዛኛው ጉልበታቸው ተጨምቆ አልቋል፤ የሚተርፈው ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው፣ አንዳንዱ ካርድ ላይ እሱም የለም። ታዲያ ምን አደከመኝ ካላችሁ፣ በነጻ ነው፣ የሚፈጀውም አንድ ምሽት ነው፣ በዚያ ላይ ካርዳችሁ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ታያላችሁ። እኔን ከፍሬሙ በላይ የጠቀመኝ ይሄኛው ነው።

ፍርሃቱንም እናቅልለው። ብዙ ሰው ሶፍትዌሩ ላይ ያለውን የፍጥነት ማስተካከያ (ስላይደሩን) ትንሽ ገፋ ካደረገ ካርዱ የሚጨስ ይመስለዋል። የቅርብ ዓመታት ካርዶች ግን ራሳቸውን ይጠብቃሉ፦ ሲሞቁ ፍጥነት ይቀንሳሉ፣ ከልክ በላይ ሲሞቁ ይጠፋሉ፣ በተለመዱት ሶፍትዌሮች ቮልቴጁን ብትነኩት እንኳ አምራቹ ካሰመረው መስመር አያልፍም። ካርድ የሚገድለው ሌላ ነው። የራሱ ያልሆነ ባዮስ (ካርዱ ውስጥ ያለው መሠረታዊ ሶፍትዌር) መጫን፣ ሰሌዳው ላይ በብየዳ መነካካት፣ ደካማ ፓወር ሰፕላይ። እነዚህ ውስጥ ካልገባችሁ በአብዛኛው የሚያጋጥማችሁ ትልቁ ችግር ጌሙ መሃል ላይ መዘጋቱ ነው። የዋስትና ወረቀቱን ግን አንብቡት፤ አምራች ሁሉ ለኦቨርክሎክ እኩል ሆደ ሰፊ አይደለም።

አሁን አንድ ጥያቄ። ጌማችሁን የሚያዘገየው በእርግጥ ካርዱ ነው? የካርዱን ፍጥነት፣ ሙቀትና ፋን የሚያሳየውንና የሚቀይረውን ኤምኤስአይ አፍተርበርነርን ጫኑ። ነጻ ነው፣ ስሙ የአንድ አምራች ቢሆንም በሌሎች ብራንዶች ካርድ ላይም ይሠራል። ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱት፤ በስሙ ቫይረስ የሚያድሉ አስመሳይ ገጾች አሉ። አብሮት የሚመጣው ሪቫቱነር ጌም እየተጫወታችሁ ቁጥሮቹን ስክሪኑ ጥግ ላይ ያሳያችኋል። የጂፒዩ (የካርዱ ዋና ቺፕ) አጠቃቀም ከ95 በመቶ በላይ ከሆነ ካርዱ በሙሉ አቅሙ እየለፋ ነው፣ እንቀጥል። 60 ወይም 70 በመቶ ላይ ከቆመ ግን ፕሮሰሰሩ አልደረሰበትም፣ ወይ ደግሞ ቪሲንክ (ፍሬሙን ከስክሪኑ ፍጥነት ጋር የሚያስተካክለው ሴቲንግ) ወይም የፍሬም ገደብ ይዞታል። እንዲህ ያለ ካርድ ላይ ፍጥነት ብትጨምሩ ትርፉ ሙቀት ብቻ ነው። ቪራሙ (የካርዱ ሜሞሪ) ሞልቶ ጌሙ የሚንተፋተፍባችሁም ከሆነ ኦቨርክሎክ አይፈታውም፤ የቴክስቸር ጥራቱን ዝቅ አድርጉና እረፉ።

ቀጥሎ አቧራ። አትሳቁ፣ ከምር ነው። የካርድ ቺፕ አምራቹ ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2012 ጂቲኤክስ 680ን ሲያወጣ ጂፒዩ ቡስት የሚባል ነገር ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ካርዶቹ በአንድ ቋሚ ፍጥነት አይሄዱም፤ ሙቀቱንና የሚበሉትን ዋት እያዩ ራሳቸውን ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ። እየሞቀ በሄደ ቁጥር ካርዱ በትንንሽ እርምጃ፣ በአሥራ ምናምን ሜጋኸርዝ፣ እያለ እያለ ይወርዳል። ስለዚህ ካርዱን ማቀዝቀዝ በራሱ ኦቨርክሎክ ነው፣ ያውም ክራሽ የሌለበት። ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ገመዱን ንቀሉ፣ አቧራውን ስትነፉ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ያዙት፣ የኬዙ ፊት አየር እንደሚያስገባ አረጋግጡ። ከዚያ አፍተርበርነር ላይ የፋን ከርቩን አስተካክሉ፦ ለምሳሌ 60 ዲግሪ ላይ 50 በመቶ፣ 70 ላይ 70 በመቶ። ድምፁ ከረበሻችሁ ቀንሱ፤ ጆሮም ድርሻ አለው።

ፓወር ሰፕላዩንም እዩት። የማዘርቦርዱ ማስገቢያ እስከ 75 ዋት፣ አንድ ባለ 8 ፒን ገመድ ደግሞ እስከ 150 ዋት እንዲሰጡ ነው ደረጃቸው። ካርዳችሁ ሁለት ባለ 8 ፒን መሰኪያ ካለው ከፓወር ሰፕላዩ ሁለት የተለያዩ ገመዶች አምጡለት፤ አንዱን ገመድ ጫፉ ላይ ለሁለት ተከፍሏል ብላችሁ ሁለቱም ላይ አትሰኩ። ፓወር ሰፕላዩ አርጅቶ ከሆነ ወይም ማን እንደሠራው የማይታወቅ ከሆነ፣ እዚሁ ላይ አቁሙ።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት መነሻችሁን ለኩ። ዩኒጂን ሱፐርፖዚሽን ወይም የ3ዲማርክ ታይም ስፓይ የሚባሉት የካርድ መለኪያ ፕሮግራሞች (ቤንችማርኮች) ለዚህ ጥሩ ናቸው። ካርዱ እስኪሞቅ አንዴ አስኪዱት፣ ከዚያ ሁለት ሦስቴ ደግማችሁ ውጤቱን፣ ሙቀቱንና ትክክለኛውን ፍጥነት ወረቀት ላይ ጻፉ። ከምትጫወቱት ጌም ውስጥም አንድ ከባድ ቦታ ምረጡና ፍሬሙን መዝግቡ። ይሄን የዘለለ ሰው በኋላ "ጨምሯል መሰለኝ" ነው የሚለው፣ እና ብዙ ጊዜ አልጨመረም።

እሺ፣ ወደ ሥራው። አፍተርበርነር ላይ ፓወር ሊሚትን እስከ ጫፍ ግፉት፣ ቴምፕ ሊሚቱም (የሙቀት ገደቡ) አብሮት ይውጣ። ይሄ ፍጥነት መጨመር አይደለም፤ ካርዱ የሚበላውን ዋት ጣሪያ ማስፋት ነው። ብዙ ካርድ የሚቆመው አቅም አንሶት ሳይሆን እዚህ ጣሪያ ጋር ተጋጭቶ ነው። ካልጠራላችሁ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ክፈቱ፤ ካርዱን ምን እንደያዘው፣ ዋት ይሁን ሙቀት ወይም ቮልቴጅ፣ በግልጽ ይነግራችኋል። የቮልቴጅ ስላይደሩን ለጊዜው እርሱት። የሚሰጠው ጥቂት ነው፣ የሚያመጣው ሙቀት ብዙ።

ከዚያ ኮር ክሎክ፣ ማለትም የዋናው ቺፕ ፍጥነት። 50 ሜጋኸርዝ ጨምሩ፣ አፕላይ በሉ፣ ቤንችማርኩን አስኪዱ። ካለፈ 25 ጨምሩ። ካለፈ ደግሞ 25። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። በአንድ ጊዜ 200 ብላችሁ ዕድላችሁን መሞከር ትችላላችሁ፣ ግን ሲወድቅ ወለሉ የት እንደሆነ አታውቁም። የኮር ልክ ሲያልፍ ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ስክሪኑ ቀጥ ይላል፣ ይጠቁራል፣ ወይም ጌሙ ተዘግቶ ዴስክቶፑ ላይ ያወጣችኋል። አትደንግጡ። ዊንዶውስ ካርዱ ለ2 ሰከንድ ያህል መልስ ሲያጣ ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ገድሎ እንደገና ያስነሳዋል፣ ያያችሁት እሱን ነው። ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉ፣ ከወደቀበት 25 ወይም 30 ቀንሳችሁ ቀጥሉ። ከክራሽ በኋላ ሪስታርት ሳታደርጉ የምትለኩትን ቁጥር አትመኑት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ኤንቪዲያ ካርድ ላይ +100 ስትሉ አንድ ፍጥነት ላይ ብቻ አይደለም የምትጨምሩት፣ ከዝቅተኛ ቮልቴጅ እስከ ከፍተኛው ያለውን መስመር በሙሉ ነው ወደ ላይ የምታነሱት። ለዚህ ነው ከባድ ውጊያ ላይ ምንም ያልሆነ ካርድ ሜኑ ላይ ወይም ጌሙ ሎድ ሲያደርግ የሚወድቀው። ጭነቱ ሲቀል ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ፍጥነቱ ይወጣል፣ ያኔ ነው የሚጋለጠው። ስለዚህ ከባድ ቤንችማርክ አለፈ ማለት አለቀ ማለት አይደለም።

ወደ ሜሞሪው ስትሄዱ ኮሩን መጀመሪያ ወደ 0 መልሱት። ሁለቱን አብራችሁ ከነካችሁ፣ ሲበላሽ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አታውቁም። በ100 በ100 ጨምሩ፣ በየመሃሉ ለኩ። ስክሪኑ ላይ ትንንሽ የሚብለጨለጩ ነጥቦች፣ የተቀደዱ ቅርጾች፣ እንግዳ ቀለሞች ካያችሁ ልኩን አልፋችኋል።

ችግሩ ሜሞሪ ሁልጊዜ እንዲህ በግልጽ አለመናገሩ ነው። አዳዲሶቹ የሜሞሪ ዓይነቶች ስህተት ሲያገኙ መረጃውን ደግመው ይልኩታል። ስክሪኑ ንጹህ ነው፣ ክራሽ የለም፣ ግን ካርዱ ጊዜውን የሚያጠፋው በመደጋገም ነው። እኔ ራሴ አንድ ካርድ ላይ ሜሞሪውን +1200 አድርሼ፣ ምንም ሳይነቃነቅ ሲሄድ ደስ ብሎኝ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደዛው ስጫወት ከረምኩ። አንድ ቀን ቤንችማርኩን ሳስኬደው ውጤቱ +800 ላይ ከነበረው ያነሰ ሆኖ አገኘሁት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ካርዴን አዝግሜ "ኦቨርክሎክ አደረግኩ" እያልኩ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ሜሞሪ ላይ የምታዩት ክራሹን ሳይሆን የቤንችማርኩን ውጤት ነው። ውጤቱ መውጣት ካቆመ ወይም መውረድ ከጀመረ፣ ስላይደሩ ገና ቦታ ቢኖረውም ተመለሱ።

ሙቀቱንም አትርሱት። አርቲኤክስ 3080 እና 3090 ላይ ያለው ጂዲዲአር6ኤክስ ሜሞሪ በጣም የሚሞቅ ነው፣ 110 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ካርዱ ራሱን ይገታል። ስለዚህ የኮሩን ሙቀት ብቻ አይታችሁ አትረጋጉ። ኮሩ 68 ዲግሪ ላይ ተዝናንቶ ሜሞሪው 104 ሊሆን ይችላል። ሃርድዌርኢንፎ የሚባለው ፕሮግራም የሜሞሪውንና የሆት ስፖቱን (ቺፑ ላይ በጣም የሚሞቀውን ቦታ) ሙቀት፣ ካርዱ የሚያሳውቅ ከሆነ፣ ለየብቻ ያወጣላችኋል።

ሁለቱንም ልክ ካገኛችሁ አንድ ላይ አድርጓቸው፣ ከዚያ ደግሞ ከሁለቱም ትንሽ ቀንሱ። አብረው ሲሠሩ ዋት ይሻማሉ፣ ለብቻው ያለፈው አብሮ ሲሆን ሊወድቅ ይችላል። የ3ዲማርክ ስትረስ ቴስት አንዱን ትዕይንት 20 ጊዜ ይደጋግመዋል፣ ለማለፍም የፍሬም መረጋጋቱ 97 በመቶ መድረስ አለበት። ጥሩ ወንፊት ነው። ፈርማርክ የሚባለውን ከባድ መፈተኛ ግን ለዚህ አልመክርም፤ ካርዱን በዋት ጣሪያው ላይ ስለሚያጋጨው ፍጥነቱ ይወርዳል፣ እናንተም ያልፈተናችሁትን ፍጥነት ፈተንኩ ብላችሁ ትነሳላችሁ። እውነተኛው ፈተና የምትጫወቱት ጌም ነው። በተለይ ሬይ ትሬሲንግ (የብርሃን ጨረሮችን የሚያሰላ ከባድ የምስል ስልት) ያለበት ጌም ካላችሁ በእሱ ጀምሩ፤ ሌላው ሁሉ ያለፈውን ኦቨርክሎክ እሱ ሊጥለው ይችላል።

ፕሮፋይሉን ሴቭ አድርጉት፣ ግን ዊንዶውስ ሲነሳ ራሱ እንዲጭነው የሚያደርገውን ምልክት ቢያንስ ለአንድ ሳምንት አትንኩ። ያልተረጋጋ ቁጥር እዚያ ላይ ከገባ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ሊወድቅ ይችላል። ከደረሰባችሁ በሴፍ ሞድ ገብታችሁ አፍተርበርነርን ማጥፋት ነው።

አሁን እኔ ራሴ የምወደው መንገድ፦ አንደርቮልት፣ ማለትም ቮልቴጁን መቀነስ። ኮሩ የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል ሲያድግ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ነው የሚያድገው። በ1.05 ቮልት 1900 ሜጋኸርዝ የሚሄድ ካርድ በ0.9 ቮልት 1850 መሄድ ከቻለ፣ በስሌት ደረጃ የኮሩ ፍጆታ ወደ 28 በመቶ ገደማ ወረደ ማለት ነው፣ ከፍጥነቱ ደግሞ ያጣችሁት 3 በመቶ እንኳ አይሞላም። አፍተርበርነር ላይ ኮንትሮልና ኤፍን አብራችሁ ስትጫኑ የቮልቴጅና የፍጥነት መስመሩ ይከፈታል። የምትፈልጉትን ቮልቴጅ ነጥብ ወደምትፈልጉት ፍጥነት ሳቡት፣ ከሱ በስተቀኝ ያሉትን ሁሉ ከሱ በታች ወይም እኩል አድርጉና አፕላይ በሉ። መፈተኑ ያው ነው። በዋት ጣሪያ የታነቀ ካርድ በዚህ መንገድ ከበፊቱ በላይ ሊፈጥን ይችላል፣ ፋኑም ዝም ይላል። ላፕቶፕ ላይ ከሆናችሁ እንደውም ሌላውን ትታችሁ በዚህ ጀምሩ፤ ሙቀቱ መውጫ በሌለበት ቦታ ፍጥነት መጨመር ትርጉም የለውም።

ኤኤምዲ ያላችሁ አፍተርበርነር የግድ አያስፈልጋችሁም፣ የኤኤምዲ የራሱ ሶፍትዌር በሆነው አድሬናሊን ውስጥ የፐርፎርማንስ ገጽ ላይ ሁሉም አለ። መንገዱ አንድ ነው፤ የሚለየው ሜሞሪው ብዙውን ጊዜ በ+ ሳይሆን በቀጥታ በመጨረሻው ቁጥር መጻፉ ነው። የሆት ስፖቱ ቁጥር ከፍ ብሎ ቢያስደነግጣችሁም ብዙዎቹ ካርዶቻቸው እስከ 110 ዲግሪ እንዲሄዱ ተደርገው ነው የተሠሩት። እኔ ግን ከ95 በታች ሲሆን ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ከወራት በኋላ ይመጣል። አዲስ ድራይቨር ወይም አዲስ ጌም ትጭናላችሁ፣ ወይ ክፍሉ ይሞቃል፣ እና ጌሙ መዘጋት ይጀምራል። ጌሙን ከመስደባችሁና ዊንዶውስን እንደ አዲስ ከመጫናችሁ በፊት አፍተርበርነርን ክፈቱና ሪሴት በሉት። ካስተካከለው 15 ወይም 30 ሜጋኸርዝ ቀንሳችሁ ተመለሱ፤ ልዩነቱ በዓይን አይታይም።